የተኛ ሞተር በቤት ውስጥ ስለ ማስነሣት

ከክቡራን አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ኦቶሞቢል ይነዳሉ፤ ነገር ግን የፊቱን ክዳን ከፍተው ከውኃና ከዘይት በቀር ሌላ ነገር የተመለከቱት ጥቂቶች ይመስሉናል። ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ለየሥራው ባለሙያ አለውና። እኛም ብንሆን በጽሕፈት ሥራ ያደግን እንጂ በጋራዥ ያደግን አይደለንም። ሆኖም የአንድ የስፖርት ኦቶሞቢል ሞተር በቤታችን ፈትተን፥ አጥበን፥ ለክተን፥ እንደገና ስለ ገጠምን፥ እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ቤተ ሰብ ላይ ምን እንደሚያመጣ ብንጽፍ የማይጠቅም አይሆንም ብለን አሰብን።

ኦቶሞቢሉ የሟቹ ታናሽ ወንድማችን ንብረት ነበር። ስሙ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 በቱሪን የኦቶሞቢል ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቅርጹን ያወጣው የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፥ ሞተሩን ያሰበው ደግሞ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ይህ መሐንዲስ አስቀድሞ በፌራሪ ቤት የእሽቅድምድም ሞተሮች ሲሠራ ቆይቶ በ1955 ወደ ፊያት የተዛወረ ነው፤ ስለዚህ የእሽቅድምድም ሞተር ጠባይ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ሊገዛው በሚችል ኦቶሞቢል ላይ አኖረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሁለት ዘንጎች ከሞተሩ ራስ በላይ ይቀመጣሉ፤ የሚዞሩትም በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጊያ ነው። በዚያ ዘመን ይህ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበረ። የወንድማችን ሞተር ከመጀመሪያዎቹ ዓይነት ሲሆን አራት ሲሊንደርና 1438 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተኑ ጉዞ 71.5 ሚሊ ሜትር።

ወንድማችን በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ከደጀን ሲመለስ፥ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ውኃው ፈላበት፤ እርሱም እያቆመ፥ ውኃ እየጨመረ አዲስ አበባ አደረሰው። ኦቶሞቢሉ በግቢው ቆርቆሮ ሥር ከገባ ወዲያ ሦስት ክረምት ቆመ። ባለቤቱ ወይዘሮዋ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ በመሆናቸው፥ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወደ ቤታችን መጥተው፥ «የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፤ ይህን ኦቶሞቢል ሽጡልኝ» አሉን። የሚነሣና የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በጥሩ ዋጋ የሚገዛ አንድ የአሮጌ ኦቶሞቢል ወዳጅ ነበረ፤ እርሱም እስከ ኅዳር እጠብቃለሁ አለ። የማይነሣ ከሆነ ግን ብረቱ ተመዝኖ ከሚሸጥበት ዋጋ እጅግም አያልፍም ነበር።

ሁለተኛም ነገር ነበረ። የበኩር ልጃቸው የ15 ዓመት ብላቴና ሲሆን፥ አባቱ ከሞተ ወዲህ ቃል ከአፉ የማይወጣ፥ በትምህርቱም ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ነበር። እናቱ ኦቶሞቢሉን መሸጥ እንዳለባቸው ሲነግሩት አልተቃወመም፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት ሄዶ በኦቶሞቢሉ ውስጥ አደረ። ይህን የነገሩን እርሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጨርሶ አልዞር አለ። ካንዴላዎቹን አውጥተን በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት እያፈሰስን ዘጠኝ ቀን ተውነው፤ በዐሥረኛው ቀን በረዥም መፍቻ ቀስ ብለን ብንገፋው እንደ አሮጌ በር እያንቋረረ ዞረ። ከዚያም አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ጠርተን የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካን። መለኪያው በአንደኛውና በአራተኛው 8፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን 3 ብቻ አሳየ። ሰውዬውም፥ «መጽሐፉ 11 ነው የሚለው፤ አራቱም አልቀዋል፤ እኔ በብረት ዋጋ ልውሰደው» አለ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ልክ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተርም የሚጨምቀው ያንኑ የሚያገኘውን አየር ነውና በዚያ 11 የሚሆነው በእኛ ዘንድ ወደ 8 ይወርዳል። ስለዚህ አንደኛውና አራተኛው ደኅና ናቸው ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ እኩል መድከማቸው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያመለክታል። ሰውዬው ይህን አላወቀም እንዳንል ሃያ ዓመት በሥራው የኖረ ነው፤ ዐውቆ ነው እንዳንልም ልቡን አላየንም። ብቻ ብላቴናው ይህን ስሌት በደብተሩ ላይ ጽፎ፥ «እንግዲያውስ ጋሼ፥ ሁለቱ ናቸው የታመሙት» አለን። ከብዙ ወራት በኋላ ከእርሱ የሰማነው ረዥም ንግግር ይህ ነበረ።

ሥራውን በሐምሌ ዠመርን፤ ቦታውም ከቤታችን ኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው። ሞተሩን ለማውጣት ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመን፥ በተከራየነው የሰንሰለት ማንሻ ጎረቤቶቻችን አግዘውን አነሣነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ወጣ ብላቴናው በቁጥር ይጽፋል፤ ዕቃው በላምባ ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረደራል። ስምንቱን ቫልቮች ከነቦታቸው ለይቶ ለማስቀመጥ ከባለቤታችን ጓዳ የወጣ አንድ የእንጀራ ሰፌድ እጅግ ተስማምቶን ነበር፤ ባለቤታችን ግን ባየችው ጊዜ፥ «ለሞተሩ እንጀራ ልታበሉት ነው?» አለች፤ ሰፌዱም ወደ ጓዳ አልተመለሰም። በነገራችን ላይ፥ ላምባም ቢሆን ከእሳት አጠገብ የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም፤ ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ፈጽሞ የማይገባ ነው። በዚያ ክረምት የቡናው ከሰል ምድጃ ከሰርቪስ ቤቱ እንዲርቅ ያደረግነው ስለዚህ ነው፤ ቤተ ሰቡ ቡናውን በሳሎን ጠጣ።

የሞተር ቋንቋ በአገራችን አብዛኛው ከጣሊያን የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቴስታታ ራሱ ነው፥ ቢየላ ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ ነው፥ ኮሎ የሚዞረው ትልቁ ዘንግ ነው፥ ፋሻ በፒስተኑ ወገብ የሚታሰረው የብረት ቀለበት ነው። ብላቴናው እነዚህን ሁሉ ከነሥዕላቸው ጻፈ። ለትምህርት ቤቱ ደብተር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲያደርግ ያየው ሰው አልነበረም።

ቴስታታው ሲነሣ የገመትነው ተገኘ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ጓርኒሲዮኑ እንደ ከሰል ጠቁሮ ተበልቷል። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ በዓባይ አቀበት ሙቀት ተጣሟል፤ ቀጥ ያለ ብረት ጭነንበት በሥሩ የምትገባውን ቀጭን መለኪያ ብንሞክር መካከሉ ረገብ ብሏል። የብረቱ ሲሊንደር ግን የከፋ ነበር፤ በሦስተኛው ውስጥ ሾልኮ የገባው ውኃ ሦስት ክረምት ተኝቶ ዝገት ቆፍሮበታል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ያለበትን ሲሊንደር በአሸዋ ወረቀት አድናለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ስለዚህ አራቱንም ወደ ቶርኖ ቤት ልከን ወደ 80.4 ሚሊ ሜትር አስፋፋናቸው፤ ቴስታታውንም በዚያው አስላግነው። ይህ በቤት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛ ወሰኑን ማወቅ አለበት። ኮሎው ግን በማይክሮሜትር ሲለካ ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ ብሮንዚኖቹን ብቻ መለወጥ በቃን። ፒስተኖቹና ፋሻዎቹ ከውጭ አገር መምጣት ነበረባቸው፤ አንድ ዘመዳችን ከሮማ ሲመለስ በሻንጣው እስኪያመጣቸው ድረስ ነሐሴ አለቀ፥ መስከረምም ተጋመሰ።

ያ የመጠበቅ ጊዜ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የተወደደ ሆነ። ማታ ማታ እኛና ብላቴናው በአንድ አምፑል ሥር ተቀምጠን ቫልቮቹን በየመቀመጫቸው እንሞርድ ነበር፤ ይኸውም ደቃቅ ልስላሽ ቀብቶ፥ ጫፉ ጎማ በሆነ እንጨት ይዞ፥ እሳት እንደሚለኩስ ሰው በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ማሽከርከር ነው። ዙሪያው አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለበት ሲያወጣ ይቆማል፤ ከዚያም ላምባ ይፈስበትና የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ይታያል። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል። ብላቴናው ስለ አባቱ መናገር የዠመረው በስድስተኛው ቫልቭ ላይ ነው። አባቱ በሚታመምበት ሰሞን፥ «ስድን ይህን ነገር አብረን እንሠራዋለን» ብሎት ነበር። እኛ ምንም አልመለስንለትም፤ የተያዘውን ቫልቭ ጨረስን፥ ወደ ሰባተኛውም ተሻገርን።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይልቅ ያስፈራል። እያንዳንዱ ፋሻ ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ሲሞቅ ተገፍቶ ሲሊንደሩን ይፍቃል። የቴስታታው ብሎኖች ከመካከል ተነሥተው ወደ ዳር፥ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይጠብቃሉ። በዚህ ሞተር ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ቺንጊያው ነው። ከሁለቱ የቫልቭ ዘንጎች ሌላ የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞር ሦስተኛ ዘንግ አለና፥ ብዙ ሰው እርሱን እንዴትም ቢቀመጥ ግድ የለም ይላል፤ ነገር ግን የቤንዚኑን ፓምፕ የሚገፋው እብጠቱ በተሳሳተ ቦታ ከተገኘ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢየላ ይመታል። ብላቴናው ሦስቱንም መንኰራኵር በነጭ ቀለም ምልክት አደረገባቸው፤ ካንዴላ ሳይገባም ኮሎውን በእጃችን ሁለት ዙር አዞርነው፥ ምንም የነካው ነገር አልነበረም። በቫልቮቹና በዘንጎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፥ የሚስተካከለው በላዩ የሚቀመጠውን ክብ ሳህን በመለወጥ ነው፤ ዘንጉን ማንሣት አያስፈልግም። የላምፕሬዲን ብልሃት ከሁሉ ይልቅ ያደነቅነው በዚህ ነው።

ሞተሩ የተነሣው በጥቅምት መጨረሻ፥ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ሳይገቡ በማስነሻው አዞርነው፥ የዘይቱ መለኪያ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ፤ ከዚያ በአንደኛ፥ በሦስተኛ፥ በአራተኛ፥ በሁለተኛ ተራ ገመዶቹን አሰርን። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ጥቁር ጢስም ግቢውን ሞላው። ይህም ከቀጭኑ አየራችን የተነሣ ነዳጁ ስለሚበዛ ነው፤ በዌበሩ ካርቡራቶር ውስጥ ያለውን የነዳጅ ቀዳዳ በሚያንስ ለወጥነውና ጢሱ ጠፋ። ወይዘሮዋ ድምፁን ሰምተው መጥተው በሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ብዙ ካዳመጡ በኋላ፥ «የእርሱ ያንኳኳ ነበር፤ ማታ ሲገባ በማንኳኳቱ ነበር የማውቀው» አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ብላቴናው ስለ ቫልቭ ክፍተት ሊያስረዳቸው ዠምሮ ተወው።

ገዢው በኅዳር መጥቶ ቃሉን ፈጸመ። የሦስቱም ልጆች የዓመቱ ክፍያ ከዚያ ተከፈለ፤ የቀረውን ወይዘሮዋ በባንክ አስቀመጡ። እኛ ያወጣነውን ሊመልሱልን ቢሹም አልተቀበልንም፤ ባለቤታችን ግን አንድ አዲስ ሰፌድ ተቀብላለች። ብላቴናው ርክክቡ በሚደረግበት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ደብተሩን በንጹሕ ወረቀት ሲገለብጥ አደረ፤ የእያንዳንዱን ፋሻ ክፍተት፥ የእያንዳንዱን ቫልቭ ልክ፥ የተለወጠውን ዕቃ ሁሉ ሳይቀር። ንጹሑን ለገዢው ሰጠው፤ ዘይት የጠጣውን ለራሱ አስቀረ። ገዢውም ጥቂት ገለጥ ገለጥ አድርጎ፥ «አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ብሎኖቹን ማን ያጠብቅልኛል?» ብሎ ጠየቀ። በጥር አንድ እሑድ ማለዳ፥ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፥ ብላቴናው መፍቻውን ተሸክሞ ወደ ሰውዬው ግቢ ሄደ፤ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር አጠበቃቸው፥ በአሮጌው ደብተርም ላይ ቀኑን ጻፈ።