ከነርሷ ኋላ ያሉት እጆች

ከጋሸና ተገንጥላችሁ ወደ ላሊበላ ስትወርዱ ዓይናችሁ የሚቸኩለው ከዐለት ተፈልፍለው ወደተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከተማይቱ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከዚሁ ከላስታ ደጋ ወደ አንድ መኖሪያ ቤት እንውሰዳችሁ። የማይድን ሕመም የያዘው ሰው ወደተኛበት ቤት።

ጥንታዊው የላስታ ቤት ክብ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ አንዳንዱም ደረጃው በውጭ የሆነ ባለ ፎቅ ነው። ታማሚው ላይኛው ክፍል ተኝቶ እንደሆነ ውኃው፣ አጥሚቱ፣ የታጠበው አንሶላ ሁሉ በዚያ ደረጃ መውጣት አለበት። ማን ያወጣዋል? አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ወይም ሴት ልጁ ናት። ጎረቤት ገብስ ፈትጋ ትመጣለች። ወደ ጤና ተቋም መሄድ ሲያስፈልግም ጎልማሶች ቃሬዛውን ይሸከማሉ። እናንተ በከተማ ዕድር የምትሉት፣ በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ተራ ያወጣል፤ ያልመጣውንም ይጠይቃል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ልብ በሉት፤ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የአስተዳደርና የአገልግሎት ሥራ ነውና።

ሕመሙ ሊድን ለማይችል ሰው ስቃዩን ማስታገስን ዓላማው ያደረገው ሕክምና ሆስፒስ ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በለንደን ዘመናዊውን ሆስፒስ ያቋቋሙት ሲስሊ ሳንደርስ ሐኪም ከመሆናቸው በፊት ነርስ፣ ቀጥሎም የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበሩ። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚሁ አቆጣጠር በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን መሥራችነት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ በየቤቱ እየዞረ ታማሚዎችን ረድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ በየዓመቱ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ነርሷ የታማሚውን በር ስታንኳኳ ብቻዋን ናት ብላችሁ አታስቡ። አድራሻውን የመዘገበች ጸሐፊ፣ መኪናውን ያዘጋጀ ሾፌር፣ ጓንቱንና ፋሻውን ቆጥሮ ያስረከበ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ሒሳቡን ያወራረደች ገንዘብ ያዥ፣ አንሶላ ያጠበች እናት አብረዋት አሉ። ለከባድ ሕመም የሚሰጠውን ሞርፊን እንውሰድ። መድኃኒቱ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የገባውና የወጣው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ይፈረምበታል። ፈሳሹ በአፍ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በወቅቱ ካልተጻፈ፣ ወይም ክምችቱ ማለቁ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ በቢሮ የታለፈው አንድ መስመር በአልጋ ላይ የአንድ ሌሊት ጩኸት ይሆናል።

ወደ ላስታው ቤት እንመለስ። በከተማ ለአምስትና ስድስት ሠራተኛ የተከፋፈለው ሥራ እዚህ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ውኃ ቀጂዋ እሷ፣ አጣቢዋ እሷ፣ መድኃኒት ሰዓት ጠባቂዋም እሷ። ከትምህርት ቤት ስትቀር መምህሯ ይጠይቅ ይሆናል፤ እንቅልፏን ግን የሚጠይቅላት የለም።

እናቶች ሆይ፣ ይህ ነገር የደጋ ብቻ አይደለም። በእናንተም ቤት የታመመ ሰው ቢኖር ሥራውን ለአንዲት ልጅ አትተዉ። በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት፣ በየቀኑ የሚያድረውን ሰው ስም፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ አትቀንሱም፤ ነርሷን ጠይቁ። አስታማሚዋም በሳምንት ጥቂት ሌሊት ተኝታ እንድታድር ተራ አውጡ። ዕድራችሁ ለቀብር ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለም ለአስታማሚዋ ተራ ቢያወጣ ምን ይጎዳዋል?

በየጤና ተቋሙ መዝገብ የምትይዙ፣ የምታጸዱ፣ የምታጥቡ፣ በር የምትጠብቁ ሠራተኞችም፣ ታማሚው ስማችሁን ላያውቅ ይችላል። ስቃዩ ቀልሎለት የሚያድርበት ሌሊት ግን የእናንተም ሥራ ነው። ወደ ላሊበላ የምትሄዱ አንባቢያን ደግሞ ዐለቱን ካያችሁ በኋላ፣ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ ልጅ ብታገኙ፣ ወደማን ቤት እንደምትሄድ ጠይቋት።