ሦስት ስም የለበሰ ማደያ

«ሼል ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ሰው ታክሲ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ረዳቱም የት እንደሆነ ሳይጠይቅ ያወርደዋል። ማደያው ላይ ግን ሼል የሚል ጽሑፍ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። የሃምሳዎቹን ዕድሜ የያዝን ሰዎች ባለ ስድስት እግሩን የአጂፕ ውሻም እናስታውሳለን፤ ልጆቻችን ስንነግራቸው ይስቃሉ።

ተወዳጆች ሆይ፣ የዚህ ማደያ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ማርከስ ሳሙኤል ለንደን ውስጥ የነዳጅ ድርጅት ሲያቋቁም ስሙን ያገኘው ከአባቱ ንግድ ነው፤ አባትየው ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ የባሕር ዛጎል ይሸጡ ነበር። ያ ዛጎል አገራችን ድረስ መጥቶ በየአውራ ጎዳናው ተሰቀለ። በ2008 ሊቢያ ኦይል የተባለው ኩባንያ ሼል በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሱዳን የነበረውን ሥራ ገዛ። ቢጫና ቀዩ ዛጎል ወረደ፣ «ኦይል ሊቢያ» ወጣ። በ2011 የጋዳፊ መንግሥት ወደቀ፤ ስሙ ግን ማደያዎቻችን ላይ ቆየ። ከግዢው አሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ያው ማደያ «ኦላ ኢነርጂ» ተባለ። ሞቢልም ቢሆን በቶታል ተገዝቶ ነው የጠፋው።

የሚገርመን ሌላው ነገር ነው። ሰሌዳው ቢለያይም ቤንዚኑ አይለያይም። በዋናነት በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ ይገባል፤ የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ዋጋውንም የሚተምነው መንግሥት ነው። ታዲያ አንዱን ማደያ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?

በአጥቢያችን የሚያመልክ አንድ ነዳጅ ቀጂ ወንድም አለ። በሦስቱም ስሞች ሥር፣ በሦስት ዓይነት የደንብ ልብስ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ ሠርቷል። ምን ተለወጠ ብለን ጠየቅነው። «ፓስተር፣ እኔማ ጠዋት የማደርገው ያው ነው» አለን። የመለኪያውን ዘንግ ጫፍ፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት ይቀባና ወደ መሬት ውስጡ ታንክ ይሰደዋል። ዘንጉ ስንት ሊትር እንዳለ ይነግረዋል፤ ቅባቱ ደግሞ ከሥር ውሃ ገብቶ እንደሆነ ያሳየዋል። ውሃ ካለ ሽያጭ የለም፤ የሰው መኪና መንገድ ላይ ይቆማልና። ይህን ሳያደርግ የዋለበት ቀን እንደሌለ ነገረን። እውነት ለመናገር፣ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስለ ራስን መመርመር ከሰማናቸው ትምህርቶች ብዙዎቹ ይህን ያህል ግልጽ አልነበሩም።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቶቻችን የአጥቢያችን ስም ይለወጥ ብለዋል። ስማችን የሰፈሩ ስም ነው፤ ሰፈሩ ፈርሶ ምእመናኑ ወደ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። «ኢንተርናሽናል» የሚል ይግባበት ነው ሐሳባቸው። አንንቃቸውም፤ ምክንያት አላቸው። ስም መለወጥም ኃጢአት አይደለም፤ አብራም አብርሃም ተብሏል። ያዕቆብ ግን እስራኤል የተባለው ሌሊቱን ሙሉ ከታገለ በኋላ ነው፤ ሲነጋም እያነከሰ ሄደ። በአንጾኪያም ደቀ መዛሙርት ክርስቲያን የተባሉት ሰሌዳ ሰቅለው አልነበረም። ወደ ሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክት ደግሞ የሚወቅሰው በስም ሕያው ሆኖ በውስጥ መሞትን ነው።

ወጪውም አለ። ሰሌዳው፣ ማኅተሙ፣ የደብዳቤው ወረቀት፣ ፈቃዱን ማሳደሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ የሚወጣው ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ለመበለቶቻችን ጤፍ ከምንገዛበት ሣጥን ነው፤ ሌላ ሣጥን የለንም። ተራቸውን የሚጠብቁ እናቶች ስለ ስሙ ጉዳይ እስካሁን አልተጠየቁም።

የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ አብረን እንቀመጣለን። ከእናቶቹም ሁለቱ ይገኛሉ። ያ ወንድማችን ሽማግሌ ባይሆንም ዘንጉን ይዞ እንዲመጣና ለወጣቶቹ እንዲያሳያቸው ለምነነዋል። የሌሊት ፈረቃ ስላለበት ትንሽ ይዘገያል፤ እስኪደርስ በጸሎት እንጠብቀዋለን።