ቄጠማው ከየት ይመጣል?

እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና የማታፈላ እናት በእኛ በቦንጋ አካባቢ ማን አለች? እኔም ዘወትር እጎዘጉዛለሁ። ቄጠማው በሚበቅልበት ረግረግ ማን እንደሚኖር ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ሴት ልጄን ቄጠማ እንድታጭድ ላክኋት። ስትመለስ አንድ ትልቅ እንቁላል በእስሩ ውስጥ ሸፍና አመጣች። «እማዬ፣ ውኃው መሐል የሣር ክምር ላይ አገኘሁት» አለችኝ። ተገርሜ ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣኋትም። በማግሥቱ አብሬያት ብሄድ አንገታቸው ነጭ የሆነ ሁለት ረጃጅም ወፎች ባዶውን ክምር ይዞራሉ። እንቁላሉን በቦታው መለስሁት፤ ነገር ግን ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስላደረ ሳይፈለፈል ቀረ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ስለ ወፎቹ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ክሬን ከሚባሉት ወፎች ሁለት ዓይነቶች በከፋ ረግረጎች ይገኛሉ። አንደኛው በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋው ጥቁሩ ክሬን ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዛፍ ላይ ያድራል፤ ከእርሻ ማሳም ይለቅማል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ይጥላል። ሁለተኛው ከአገጩ ሥር እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለ ሥጋ ያለው ነው። በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ሲሆን፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ያህል ይደርሳል። ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ጎጆውን የሚሠራው በረግረግ ውስጥ ነው። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ቢጥልም የሚያሳድገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ዘመዶቹ የሚገኙት ርቀው በደቡባዊ አፍሪካ፣ በተለይም በዛምቢያና በቦትስዋና ነው።

የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም ለመጥፋት በተጋለጡት ተርታ መድቧቸዋል። መደቡ አንድ ይሁን እንጂ ጉዳቱ እኩል አይደለም። ረግረግ ሲደርቅ ባለዘውዱ ለጊዜውም ቢሆን በማሳና በዛፍ ይጠጋል፤ ባለጉትቻው ግን መጠጊያ የለውም። ልጄ ያመጣችው እንቁላል የእነዚያ ወላጆች የዓመቱ ተስፋ ሳይሆን አልቀረም።

ከፋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ታዲያ ጥበቃው ለመሥሪያ ቤት ብቻ የሚተው ነውን? በክረምት ቄጠማ ስናጭድ ከዳር ዳር እንጨድ፤ ውሻ አናስከትል፤ ለልጆቻችንም ጎጆ እንዳይነኩ እንንገራቸው። እኔ ዛሬ በጓሮዬ ቦይ ዳር ቄጠማ ተክያለሁ፤ ለቡናዬም ይበቃኛል።