ሁሉም በር በአንድ ቁልፍ

30 ኮምፒውተር ያለበት የትምህርት ቤት ክፍል አስቡ። ባለሙያው እያንዳንዱ ፊት ተቀምጦ ሊኑክስ ልጫን ቢል፣ ኔትወርኩ ሲመጣና ሲሄድ ቀናት ያልፉበታል። ብልህ ከሆነ ግን የሚደክመው አንዴ ነው። ሲስተሙን፣ ፕሮግራሞቹን፣ የአማርኛ ፎንቱንና ኪቦርዱን አሰናድቶ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፋይል ያሽገዋል። ኢሜጅ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው መገልበጥ ብቻ ይሆናል።

ሙያው የሚመሰገነው በዚህ ፍጥነት ነው። የሚፈተነው ግን ኢሜጁ ውስጥ ምን መግባት እንደሌለበት በማወቅ ነው።

ማስገባቱማ መንገድ አለው። ለምሳሌ በዴቢያን፣ ዲቡትስትራፕ የሚባለው መሣሪያ መሠረታዊ ፓኬጆችን አውርዶ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲስተም ይዘረጋል። ባለሙያው ከርነሉንና ማስነሻውን ይጨምርና ለኮምፒውተር ወይም ለቨርቹዋል ማሽን በሚስማማ ፎርማት ያወጣዋል።

ጣጣው የሚመጣው የራስ ብቻ መሆን የነበረበት ነገር አብሮ ሲባዛ ነው። አንዱ ማሽን አይዲ ነው። ይህ መለያ ሳይጠፋ የተገለበጡ ሁለት የኡቡንቱ ሰርቨሮች ከኔትወርኩ አንድ ዓይነት አይፒ አድራሻ ተቀብለው ሊጋጩ ይችላሉ። ይህ እንኳ ቶሎ ይታወቃል። የኤስኤስኤች ቁልፍ ግን ድምፅ የለውም። ከርቀት የሚገባ ሰው የደረሰው ትክክለኛው ሰርቨር ጋ መሆኑን የሚያረጋግጠው በዚህ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከኢሜጁ ጋር ከተባዛ፣ ኢሜጁን ያገኘ ሁሉ ማንኛቸውንም መስሎ መቅረብ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ለሁሉም አንድ የሆነ ፓስዎርድ ነው። ኮንዶሚኒየም ሠርቶ ለሁሉም ቤት ያንኑ ቁልፍ እንደማደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር ከፋብሪካ አብረው የወጡ 60 ገደማ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በእነዚሁ ዕቃዎች ዳይን የተባለው ኩባንያ ሲጠቃ፣ ትዊተርን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላጠፉም። ያጠፋው ኢሜጁን የሠራው ነው።

ራስፐሪ ፓይም ለዓመታት «ፓይ» በሚል ተጠቃሚና «ራስፐሪ» በሚል ፓስዎርድ ነበር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ይህ ቀረ፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ ሲያስነሳው የራሱን ስምና ፓስዎርድ ይፈጥራል። «ዝግጁ ከተባለ ለምን ይጠይቀኛል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፦ ሁለት ደቂቃ የሚቆጥብለት ፓስዎርድ ለሌባም በሩን ይከፍታል።

ስለዚህ ኢሜጅ በእጅ እየተነካካ ሳይሆን በተጻፈ ስክሪፕት ቢሠራ ይሻላል። ስክሪፕቱን ሌላ ሰው አንብቦ ምን እንደገባና ምን እንደተሰረዘ ያያል፤ የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣም እንደገና መሥራት አያስቸግርም።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ከአንድ ኢሜጅ ሁለት ማሽን አስነስቶ ጎን ለጎን ማየት። ማሽን አይዲያቸው ወይም የኤስኤስኤች ቁልፋቸው አንድ ከሆነ፣ ያ ኢሜጅ ገና ለሰው አይሰጥም።