የሰንበት ዕለት በዲቾቶ

ለትምህርት ከወላጆቹ ቤት ርቆ ለሚኖር ወጣት የሳምንቱ ቀኖች ርዝመታቸው እኩል አይደለም። በሌላው ቀን መጽሐፉና ፈተናው ይመሩታል፤ በሰንበት ግን የሚያጣድፈው ሥራ ስለሌለ ናፍቆት የሚበረታበት በዚያው ዕለት ነው። ከደጋ ወርደን በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ዩኒቨርሲቲው በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ከየአውራጃው የመጡ ልጆች ይህን ቆላ ቤታቸው አድርገውታል። አገሩ የራሳችን ቢሆንም፣ ሙቀቱ፣ ቋንቋውና ልማዱ ለደገኛ ልጅ እንግዳ ነው።

ስለዚህ በኅዳር ወር፣ ሙቀቱ ረገብ ባለ ጊዜ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ጓደኛሞች ሆነን ወደ ዲቾቶ ሄድን።

ጎዳናው ከሰመራ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያመራል። ግራና ቀኙ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በመካከሉ አልፎ አልፎ የደረቀ ሣርና በረድፍ የሚጓዙ ግመሎች ይታያሉ። በመንገዱ ላይ የምትገኘው ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በተነሣው የምድር መንቀጥቀጥ የፈረሰች፣ ሰዎችም የሞቱባት ከተማ ናት። በዚህ አገር ምድሪቱ ዛሬም ቀስ በቀስ እየተሰነጠቀች እንደምትለያይ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ዲቾቶ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ አንደኛው መንገድ ወደ ገላፊና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በኤሊዳር በኩል ወደ አሰብ ይወስድ የነበረው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ያገራችን የባሕር ንግድ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ስላዞረ፣ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች በከተማይቱ ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ በዳስ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጡ ያርፋሉ። እኛም ከነርሱ ጋር ተቀመጥን።

ወዲያው አንድ የአፋር ሽማግሌ ከበረሃ ደረሱ። ከተቀመጡት አፋሮች አንዱ ተነሥቶ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ጎን ለጎን ተቀምጠው ረጅም ንግግር ጀመሩ። ይህ ዳጉ የሚባለው የአፋሮች ልማድ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ታመመና ስለ ሞተ ሰው ይጠያየቃሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ያስረዳል፤ ሐሰት የነገረ ሰው በሕዝቡ ዘንድ ይነቀፋል። የሌላው ሰው ሕይወትና ከብት በዚያ ወሬ ላይ የቆመ ነውና።

ሽማግሌው ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ። አንድ ሾፌር እያስተረጐመ፣ «ልጆቼ፣ የአገራችሁ ወሬ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ «ደኅና ነው፣ አባባ» ብሎ መለሰ። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፣ «ይህ ሰላምታ ነው፤ ወሬውስ?» አሉት። ያ ጓደኛችን ግን ዝም አለ፤ በየሳምንቱ በስልክ ከቤቱ የሚሰማው «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል ብቻ ነበርና።

ማታ ወደ ሰመራ ተመልሰን ሳለ ወደ እናቱ ደውሎ በወባ ታሞ እንደ ነበርና እንደ ዳነ፣ የከበደውንም ትምህርት ሳይቀር ነገራት። እናቱም ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ አባቱ ከመስቀል ጀምሮ አልጋ ላይ መሆኑን ገለጠችለት። ትምህርቱ እንዳይሰናከል ብለው እነርሱ ሸሽገውት ነበር፤ እርሱም እንዳይጨነቁ ብሎ ሸሽጓቸው ነበር። በዚያች ሌሊት አልቅሷል፤ ነገር ግን ከቤተሰቡ ጋር አብሮ እንጂ ብቻውን አላለቀሰም። በዕረፍቱም ወራት ሄዶ አባቱን በሕይወት አገኘው።

ልጆቻችሁን ወደ ሩቅ አገር የላካችሁ ወላጆች ሆይ፣ ወሬ መደበቅ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁን ከቤቱ ያርቀዋል። ተማሪዎችም የዕረፍት ቀናችሁ ስትደርስ በእንቅልፍ ብቻ አትፈጽሟት። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የደረሰባችሁን ሁሉ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ የነርሱንም እስከ መጨረሻው ጠይቁ። ግመል ጠባቂው በበረሃ መካከል ለማያውቀው መንገደኛ ይህን ያህል ጊዜ ከሰጠ፣ ልጅ ለእናቱ እንዴት ይነፍጋታል?