ጥፋቱ የጣት ነው ወይስ የእንጨት?

የቤዝ ጊታሩ ግዢ ከተነሣ ጀምሮ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም «ገንዘባችንን ምን አደረጋችሁት?» የሚለው ጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶናል። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ ከኪስ ገንዘባችሁ እየቀነሳችሁ ያዋጣችሁት ነውና። ስለዚህ እኛ የሙዚቃ ክበቡ አባላት የሆነውን ሁሉ፣ የራሳችንን ጥፋት ጭምር፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ለማስነበብ ወስነናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሮጌው ቤዝ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩ ሠልጣኞች ትተውልን የሄዱት ይህ መሣሪያ አንገቱ ጎብጦ፣ ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው ተንጠልጥለው ነበር። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እኅታችን «ቤዝ ልማር» ብላ መጣች። ሁለት ወር ሙሉ ታገለችው። ጣቶቿ ውኃ ቋጠሩ፤ ድምፁ ግን ወይ ይታፈናል፣ ወይ ከቅኝት ይወጣል። በተለይ አንቺ ሆዬን ስንለማመድ መንሸዋረሩ ጆሮ ይቆረቁር ነበር። እኛም «እጇ ለቤዝ አልተፈጠረም» ተባባልን። አንዳችን እንዲያውም እሷ እየሰማች ተናገረው። ከዚያ ቀን በኋላ ከልምምድ ቀረች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና መዋጮው ሞላና ለግዢ አዲስ አበባ ልንሄድ ተነሣን። የክበባችን ኃላፊ መምህራችን ግን «ቤዝ ለመማር የመጣችው ልጅ ሳትኖር ማን ሊመርጥ ነው?» ብለው ያዙን። ለምነን ይዘናት ሄድን።

በሱቁ ውስጥ ሁለት ቤዞች ቀረቡልን። ማስታወቂያ እንዳይመስልብን ስማቸውን አንጠራም። ሁለቱም ባለ 4 ክር፣ የክራቸውም ርዝመት እኩል 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ርካሽ፣ ሌላው መካከለኛ ሲሆን የመካከለኛው ዋጋ የርካሹን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። እኅታችን መካከለኛውን አንሥታ ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ያላትን የትዝታ መምቻ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሳሳት ተጫወተችው። እኛ ወለል ወለሉን አየን።

ወዲያው ሁለት ወገን ሆንን። ግማሾቻችን «በቃ፣ ተበድረንም ቢሆን ይህንን እንግዛ፤ ርካሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስገዛል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «አምፕሊፋየሩንስ በምን ልንገዛ ነው?» አልን። መምህራችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እስቲ ርካሹም ይስተካከልና ይሞከር» አሉ።

የሱቁን ጠጋኝ «ጋሼ» እያልን ለመንናቸው። በካቻቢቴና ባለ ስድስት ማዕዘን በሆነች ትንሽ ቁልፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠሩ። እየሠሩም አስረዱን። በአንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ አለ፤ ሲጠብቅና ሲላላ አንገቱ ይቃናል፣ ይጎብጣል። ክሮቹ ከታች የሚያርፉባቸው ትንንሽ ብረቶችም ከፍና ዝቅ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይላሉ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ፣ እዚያ ተጭነን ስንመታው ከባዶው ክር ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ክሩ ከመጠን በላይ ከራቀ ግን ስንጫነው ይወጠርና ድምፁ ከቅኝት በላይ ይወጣል። ለካ የእኅታችን ስሕተት ያልነው ይኸው ኖሯል።

በኋላ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እሷ እየቀያየረች መታችልን። ከ6 ጊዜ 3ቱን ተሳሳትን፤ ሳንቲም ብንጥልም ያው ነበር። እሷ ግን ልዩነቱን በእጇ አውቃዋለች፤ «ያኛው እጅ አያደክምም። ይኼኛውም ግን አሁን አይጣላኝም» አለች።

ልዩነት የለም ብለን አንዋሻችሁም። የርካሹ ፍሬቶች ጫፋቸው መዳፍ ይቧጥጣል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ መቃኛዎቹም ስለሚላሉ በልምምድ መካከል ደጋግሞ መቃኘት ይጠይቃል። በመካከለኛው ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም። ባለ 50 ዑደት የሆነው መብራታችን የሚያመጣውን እምምታ ግን ሁለቱም ይችሉታል፤ ሁለቱም ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ አላቸው። ይህንን ዘዴ ፌንደር የተባለው ፋብሪካ በፕሪሲሽን ቤዙ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ቤዙ ራሱ የወጣው በ1951 ሲሆን ስሙም ትክክለኛነት ማለት ነው፤ ቆመው ከሚጫወቱት ፍሬት አልባ ትልቅ ቤዝ ይልቅ በፍሬት ድምፁን በልክ ማግኘት ስለሚቻል ነው።

ውሳኔውን የቆረጠልን አምፕሊፋየሩ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ጊዜ ያህል። ይህንን ዝቅ ያለ ድምፅ በአዳራሹ የንግግር ድምፅ ማጉያ እናውጣ ብንል ማጉያው ይቀደዳል። መካከለኛውን ብንገዛ ኖሮ ያማረ ግን ድምፅ የማይሰማ እንጨት ይዘን እንመለስ ነበር። ስለዚህ የተስተካከለውን ርካሽ ቤዝ፣ አንድ ያገለገለ የቤዝ አምፕሊፋየር፣ ገመድና መለዋወጫ ክር ገዛን። አንድ ጓደኛችን እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ «ከእኛ በኋላ የሚመጡት እንደገና ይገዛሉ» ይላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። አምፕሊፋየር ቢኖረን ወይም ከመካከላችን በቤዝ እንጀራውን የሚበላ ቢኖር፣ እኛም መካከለኛውን እንመርጥ ነበር።

ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ክሩ አስተካክሎ ዝቅ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፤ 12ኛውን ፍሬት አመሳክሩ፤ መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ አሳልፉ፤ ቃኝታችሁ አስቀምጡና ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ቅኝቱ መቆየቱን እዩ። ስለ ዋጋ ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ጥፋታችን። እንደተመለስን ጋሼ ባሳዩን መሠረት የአሮጌውን ቤዝ ዘንግ በየቀኑ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅነው፤ ክሮቹንም ዝቅ አደረግን። መቃኛው ያረጀ ቢሆንም ዛሬ መለማመጃ ሆኗል። ሁለት ወር አንዲት ልጅ ያሠቃየው፣ ከክበባችንም ያባረራት ነገር፣ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ የሚስተካከል ኖሯል። «ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት፣ «እናንተ እጄ ነው ስትሉኝ እኔም እጄ መሰለኝ» አለችን።

እኅታችን ሆይ፣ በሁሉም ፊት ስለተናገርን በሁሉም ፊት ይቅርታ እንጠይቅሻለን።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ ነገ በየትምህርት ቤቱ «ይህ ልጅ አይገባውም» የሚል ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ወንበሩና እስክሪብቶው ይታዘዙለት እንደሆነ ጎንበስ ብለን እንይ።

ልምምድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አሮጌውን ቤዝ ለጀማሪ የምታስተምረው እሷ ናት። ቸር ያሰንብተን።