በበረትና በማዕድ መካከል

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ ከብት በሚታረድበት ሁሉ ውሻ አይጠፋም። ሥጋ መርማሪው ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ሲያገኝ ይወገድ ይላል፤ ሥራውን ሠርቷል። የተወገደው ሳንባ ካልተቃጠለ ወይም በጥልቅ ካልተቀበረ ግን ለውሻ ይደርሳል። በቋጠሮው ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ ውሻውን በሚዳብሰው ሕፃን ጣት ላይ ያርፋል። ከዚያ በሰው ጉበት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ ቋጠሮ ይሆናል። በአምቦ ቄራ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ቋጠሮ በታረዱ ከብቶች ላይ አግኝተውታል። በሽታውን መመርመር ችለናል፤ የጎደለን ጉድጓድና ውሻ የማያስገባ አጥር ነው። በበዓል ዋዜማ ደግሞ እርዱ ወደየግቢው ሲገባ መርማሪውም አይኖርም።

፠

ኮሶ ከበሬው እንደመጣብን እናወራለን። ትሉ አድጎ እንቁላል የሚጥለው ግን በሰው አንጀት ብቻ ነው። በሬው እንቁላሉን ያገኘው ሰው ከተጸዳዳበት ሣር ነው፤ በቁርጥ ሥጋ የሚመለስልን የራሳችን ነው። ስለዚህ ከኮሶ መድኃኒት በፊት የእረኛው መጸዳጃ ቤት ያሳስበኛል።

፠

የእርሻ በሬ ድንገት ሲንገዳገድ ለባለቤቱ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ቢላዋ ቀድሞ ከደረሰ ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ ከዋጋው ጥቂቱን ይመልስለታል። ካልደረሰ ሁሉም ጥንብ ነው። ይህን ስስት የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በጥማዱ መፍረስ የደነገጠን ገበሬ በስስት አልከሰውም። ጎረቤቶቹም ሥጋውን የሚወስዱት ብዙ ጊዜ እሱን ለማገዝ ነው። በሽታው አባ ሰንጋ ከሆነ የሚገባው በዚሁ ደግነት ነው፤ በገፋፊው እጅ ቁስል፣ ባልበሰለው ሥጋ። ከታመመ ሰው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ነው። መሬቱን ግን አይለቅም። ሬሳው ሲከፈት ተህዋሱ አየር አግኝቶ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናል፤ በአፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 አባ ሰንጋን እንደ ጦር መሣሪያ የሞከሩባት የስኮትላንድ ደሴት ግሩይናርድ፣ ታክማ እንኳ ከአደጋ ነፃ መሆኗ የታወጀው በ1990 ነው። «የሞተውን ከብት አትክፈቱ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። ከብቱን ለቀበረው ሰው ምን እንደሚተካለት ግን ምክሩ አይናገርም።

፠

ከሆለታ እስከ ጊንጪ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የውጭ ደም ያላቸው የወተት ላሞች እየበዙ ነው። ወተታቸው የብዙ ቤት ኑሮ ለውጧል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የሆልስታይን ደም ያላት ላም ከአገሬው ላም ይልቅ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ትጋለጣለች፤ ጠባብ በረት ውስጥ ተጠጋግተው ሲያድሩ ደግሞ አንዷ በትንፋሿ ለሌላዋ ታስተላልፋለች። ከላሟ ወደ ሰው የሚያሻግረው በዋናነት ያልፈላ ወተት ነው። በወይራ ጭስ የታጠነ ዕቃ የእናቶቻችን ጥበብ ነው፣ ሽታውንም እወደዋለሁ። ለነቀርሳና ለውርጃ በሽታ ግን ማፍላትን አይተካም፤ እርጎነትም አይተካም።

የበሽታው መንገድ በሁለት በኩል እንደሚሄድ ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሰውን ሳንባ ነቀርሳ በግጦሽ ከብቶች ላይ አገኙ። ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ገበሬው ትምባሆ አኝኮ ጭማቂውን ከብቱ አፍ ውስጥ የሚተፋበት ልማድ ነው። እዚህ ላይ የበሽታው ማደሪያ ሰው ነው።

፠

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ወረርሽኝ ሲታወጅ አገር በሙሉ የቫይረሱ ማደሪያ ስለሆነው ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ አወራ። ማውራቱ ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከዱር የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ የዱር ማደሪያን መናቅ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ሆኖም በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለሕፃናት የምፈራው ከጫካ የሚመጣውን አይደለም፤ ሌሊት ከሰንሰለት የሚፈታውን ነው።

፠

በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች 99 በመቶው በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ቫይረሱ ከንክሻው ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሲያዘግም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ይህ መዘግየት የመዳኛ ጊዜያችን ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ሞት የማይቀር ያህል ነው። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ሳሙና ያለው ቤት ሁሉ ግን ይህን አያውቅም።

ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ባህል ሐኪም ነው። ለምን እንደሚታመን ይገባኛል፤ ከሚነክሱት ውሾች ብዙዎቹ በሽታው የለባቸውም፣ ቫይረሱ ካለበት ውሻ ተነክሶም ሁሉም አይታመምም። ቅጠሉን ጠጥቶ የዳነው ምስክር ሆኖ ይኖራል፣ ያልዳነው አይመሰክርም። የዘመናዊው ሕክምና ስምም ለረጅም ጊዜ አስፈሪ ነበር፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ አገራችን ከበግ አንጎል የተሠራ፣ ለብዙ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ክትባት ትጠቀም ነበር። አሁን ያለው ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ በመጠኑም በጣም ያነሰ ነው። ይህንን ለውጥ ለእናቶች ማን ነገራቸው?

ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው በውሾች መካከል መዛመቱን ያቆማል፤ ይህ በብዙ አገር ተሠርቶ የታየ ነው። የተነከሰው ልጅ የሚመዘገበው ጤና ጣቢያ ነው፣ የነከሰው ውሻ ደግሞ የእንስሳት ክሊኒኩ ድርሻ ነው። በአንድ ከተማ ያሉት ሁለቱ መዝገቦች በየሳምንቱ ጎን ለጎን ቢነበቡ የትኛው ቀበሌ ቀድሞ እንደሚከተብ ይታወቅ ነበር። ጉደር ላይ፣ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የማሞ መዘምር ካምፓስ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉ። ክትባቱን ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ ቢወጡ፣ ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን በገመድ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም።